ከታደለ የደበቅኋቸው ወፎች

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ልጄና ባሏ «አባዬን እናዝናናው» ብለው በመኪናቸው አዋሽ ፓርክ ወሰዱኝ። ዕድሜዬን የነዳሁበትን መንገድ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደ ዕቃ ተጫንኩበት። በሩ ላይ አስጎብኚ ተመደበልን። ስሙን ነግሮኛል፤ አልያዝኩትም፣ መያዝም አልፈለግሁም። ከኪሱ ስልክ አወጣ፣ ነካ ነካ አደረገው፣ ስልኩ የወፍ ድምፅ አወጣ። ወፏ ባሏ የጠራት መስሏት ከቁጥቋጦው ብቅ አለች።

«አባዬ፣ አየህ? በአንድ ደቂቃ እኮ ነው!» አለች ልጄ።

እኔ ያቺን ወፍ ለእንግዳ ለማሳየት ስንት ጠዋት ሞተር አጥፍቼ፣ ዝንብ ፊቴ ላይ እየሄደ፣ እጄን ሳላነሣ እንደተቀመጥኩ ምን ብዬ ልንገራት? ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ በስልክ ቀናሁ።

ቤት ስንገባ ሚስቴ አስካለ ፊቴን አየችና «ደግሞ ዛሬ በማን ቀናህ?» አለችኝ። ነገርኳት። «የሆድህን ለኔ ከምትነግረኝ ጻፈው፤ መጻፍ እንደሆነ ተምረሃል» አለች። እሺ፣ እጽፋለሁ። ግን የሥራ ዘመን ትዝታ ሲባል ሰው የተሸለመውን ይጽፋል። እኔ የቀናሁትን ነው የምጽፈው፤ ሌላ ብዙ የለኝም።

መሥሪያ ቤታችን የመንግሥት ነበር። ጋራዡ ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ ሳይርቅ። እንግዳ ይመጣል፣ እንቀበላለን፣ ሆቴል እናደርሳለን፣ ፓርክ እንወስዳለን። በደርግ ጊዜ የሚመጣው እንግዳ በብዛት የሶሻሊስት አገር ሰው ነው፤ ዶክተር፣ መምህር፣ ኢንጂነር። ሁሉም አንገቱ ላይ መነጽር አንጠልጥሎ «ወፍ» ይላል። እኔ መጀመሪያ የሆቴል ሚኒባስ ላይ ነበርኩ፤ ቀጥሎ የዕቃ መኪና ሰጡኝ፤ በሦስተኛው ላንድሮቨር ላይ ወጣሁ። ደመወዙ ሁሌ ያስጉረመርመን ነበር፤ ስለ እሱ ይኼ ይበቃል።

ላንድሮቨር ላይ ያወጣኝ ጋሽ ወርዶፋ ነው። ከኔ በፊት የነበረ ሽማግሌ ሾፌር ነው። በጃንሆይ ጊዜ አዳኞችን እየመራ በረሃውን አንድ በአንድ ያወቀ ሰው። ቤቱ ቦሌ ቡልቡላ ነበር፤ ዛሬ ፎቅ የቆመበት ሁሉ ያኔ ጤፍና ሽምብራ ነው። ከጤፉ በታች ረግረግ ነበረ። እሑድ እሑድ እዚያ ያወርደኝና ሳሩ ላይ ያስቀምጠኛል።

«ዓይንህን አታሯሩጥ አቦ» ይለኛል። «አንድ ቦታ ትከለው። የሚንቀሳቀሰው ራሱ ይመጣልሃል።»

የጋሽ ወርዶፋ ልማድ ብዙ ነው። ፓርኩ በር ላይ ሲደርስ የቁልፉን ዘለላ በጨርቅ ይጠቀልላል፤ እንዳይንሿሿ። እንስሳ ሲያይ ፍሬን አይዝም፤ ሞተሩን ቀድሞ ያጠፋና መኪናው በራሱ ተንከባሎ ይቆማል። በእጁ ጠቁሞ አያውቅም። ባርኔጣውን ወደ እንስሳው ያዞራል፣ እንግዳው ባርኔጣውን ተከትሎ ያያል። እጅ ሲነሣ የሚበር ነገር ሁሉ ይበራል፤ ባርኔጣ ሲዞር ግን ማንም አይደነግጥም። ያኔ እሱም እንደ እኔው ማንበብ አይችልም ነበርና ቀኝ ኪሱን ባቄላ ሞልቶ ይገባል። አዲስ ዓይነት ወፍ ባየ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ግራ ኪሱ ያዛውራል። ማታ የግራ ኪሱን ዘርግፎ፣ እያንዳንዷን ባቄላ እያነሣ «ይቺ እርኩም፣ ይቺ ጅግራ፣ ይቺ ጥንብ አንሳ» ይላል። አንድ ቀን ሳይሳሳት።

ከሁሉ ያጠበቀብኝ ግን አንዱን ነው። መሬት ላይ እንቁላል ታቅፋ የተቀመጠች ወፍ ካየን ጋሽ ወርዶፋ አይቆምም፣ ቀስም አይልም። እንዲያውም ነዳጅ ይረግጥና ስለ በሬ ዋጋ ጮክ ብሎ ማውራት ይጀምራል። አንድ ጊዜ ለምን አልኩት።

«ቁራ ብልጥ ነው» አለኝ። «መኪና የቆመበት ቦታ የሚታይ ነገር እንዳለ ያውቃል። አንተ ቆመህ ወፏን አስነሥተህ ትሄዳለህ፤ እሱ ግራር ላይ ሆኖ ይጠብቅሃል። ስለዚህ አላየሁም ትላለህ። ለኃላፊህም፣ ለሚስትህም፣ ለኔም አላየሁም በለኝ።»

ታደለ የመጣው ጋሽ ወርዶፋ ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ፣ የውጭ ቋንቋ የሚያቀላጥፍ፣ ከኔ አሥር ዓመት የሚያንስ አስጎብኚ። አስጎብኚው ከጎኔ ይቀመጣል፤ እኔ አያለሁ፣ እሱ ይናገራል። ባርኔጣዬን ሳዞር «በስተቀኝ በኩል» ይልና የወፏን ስም ከነአገሯ፣ ከነምግቧ ይተነትነዋል። እንግዶቹ የሚያመሰግኑት እሱን ነው። ጋራዥ ውስጥ ጓደኞቼ «ሰይፉ ወፏን ይይዛል፣ ታደለ ይበላታል» እያሉ ይሳለቁብኛል። አብሬ እስቅና ቤቴ ገብቼ እራት አልበላም።

ልጁ ክፉ ቢሆን ቀላል ነበር። አልነበረም። «ጋሽ ሰይፉ» ነው የሚለኝ። ጋሽ ወርዶፋ እንኳ ወደደው። አንድ እሑድ ወደ ረግረጉ ስወርድ ታደለ ቀድሞኝ ሳሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሽማግሌው ኪሱን ዘርግፎ ባቄላ እያሳየው። ሰላም አልኳቸውና ሥራ አለብኝ ብዬ ተመለስኩ። ምንም ሥራ አልነበረኝም።

ፊደል ያስቆጠረኝ ይህ ቅናት ነው እንጂ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ከተማ ለቆ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ናዝሬት ኬላ ላይ ወታደሩ ወረቀት ሲለኝ አወጣሁና፣ የማነብ መስዬ ፊቴ ዘረጋሁት።

«ሾፌር፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ሰው ገልብጦ የሚያነበው?» አለና ሳቀ። እንግዶቹም ያልገባቸውን ሳቅ ሳቁ። ታደለ አልሳቀም። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከእጄ ወስዶ፣ አቅንቶ፣ መለሰልኝ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ቀበሌ አዳራሽ ሄጄ መሠረተ ትምህርት ተመዘገብኩ። ቤቴ ሾላ ገበያ ጀርባ ነው፤ ከሥራ በቀጥታ፣ እጄ ግሪስ እንደነካው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አስካለም ተመዝግባ ነበር። ከኔ በፊት ማንበብ ቻለች። ሦስት ቀን አላናገርኳትም። በአራተኛው ቀን የጨው ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበች ታበሽቀኝ ጀመር፤ እልህ ገባኝና እኔም ቻልኩ። የምስክር ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ኃላፊያችን ይዤ ገባሁ።

«ጓድ ኃላፊ፣ አስጎብኚ መሆን እፈልጋለሁ። ወፉን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቋንቋ እማራለሁ። እስከዚያው መንዳቱንም አልተውም።»

ኃላፊያችን ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «አንድ ሰው ሁለት ሥራ ከሠራ ለአብዮቱ ጥቅም ነው» አለ። «በዚህ ሳምንት ከምሥራቅ ጀርመን ስድስት የወፍ አዋቂዎች ይመጣሉ። ጉዞው ካማረ፣ ሪፖርቱ ጥሩ ከሆነ፣ ሁለተኛው አስጎብኚ አንተ ነህ። ሪፖርቱን የሚጽፈው ታደለ ነው።»

ሊሾመኝ የሚችለው ሰው ማን እንደሆነ እዩት። ደስ ሊለኝ ሲገባ በጋራዡ በር ስወጣ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ጀርመኖቹ ሽማግሌዎች ነበሩ። አለቃቸው አንዲት ቀጭን ጡረተኛ መምህር ናት፤ ትንሽ ደብተር ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ያየችውን ወፍ ሁሉ የምትመዘግብ። የመጀመሪያው ቀን የኔ ነበር። ቀንደ ረጅሙን ሳላ ከነመንጋው አሳየኋቸው፤ ጥንቸል የምታህለውን ሚዳቋ፣ እንሹን፣ ከቁጥቋጦ ሥር አሳየኋቸው፤ ወፉንማ ተዉት። ታደለ ራሱ «ዛሬ ጋሽ ሰይፉ ነው ያየው» ብሎ በቋንቋቸው ነገራቸውና አጨበጨቡልኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን ታደለ ቀደመኝ። ከተራራው ጥግ፣ ከዛፉ ጥላ ውስጥ፣ ቀንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ አጋዘን ቆሞ ነበር። እኔ አላየሁትም። ጋሽ ወርዶፋ ያስተማረኝ ዓይኔ አልፎታል። ታደለ ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አዞረ። ባርኔጣውን! የኔን ባርኔጣ፣ የሽማግሌውን ባርኔጣ። እንግዶቹ በደስታ ተንሾካሾኩ። መምህሯ የራሷን ትርፍ መነጽር አውጥታ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት፤ ላንተ ይሁን ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ማንም አላዘዘኝም፤ ዲያብሎስም አላሳሳተኝም። አንድ ቦታ አውቅ ነበር። ባለፈው ጉዞ፣ ከመንገዱ ግራ ገባ ብሎ፣ ሳሩ ባጠረበት ሜዳ ላይ፣ ኮሪ የምትባለው ትልቋ የሜዳ ወፍ ሁለት እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣ አይቻት ነበር። ያን ጊዜ ነዳጅ ረግጬ አልፌያለሁ። አላየሁም ብያለሁ። አሁን መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ።

«ጋሽ ሰይፉ፣ መንገዱ እኮ በዚህ ነው» አለ ታደለ።

«አውቃለሁ።»

«መንገድ መልቀቅ ክልክል ነው። ወዴት ነው?»

«አንተ ቀንድ አሳየህ፤ እኔ ደግሞ የማይታየውን ላሳይ። ዝም ብለህ ተርጉም።»

ከወፏ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረን አቆምኩ። መሬት ላይ ጥፍት ብላለች፤ ላባዋ ከአፈሩ አይለይም። ባርኔጣዬን አዞርኩ። እንግዶቹ አላዩዋትም። ደጋግሜ አዞርኩ። መምህሯ ትከሻዋን ሰበቀች። ታደለ «ተወው፣ እንሂድ» አለኝ። ያኔ እኔ፣ የጋሽ ወርዶፋ ተማሪ፣ ክንዴን በመስኮቱ እስከ ብብቴ አውጥቼ ጠቆምኩ።

ተነሣች። እንደዚያ ትልቅ ወፍ ስትነሣ አየሩ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሜዳው ላይ ሁለቱ እንቁላሎች ፀሐይ ላይ ቀሩ። እንግዶቹ ፎቶ አነሡ።

«ወደ ኋላ መልሰው፤ ራቅ እንበልላት» አለ ታደለ።

«ትመለሳለች። እንጠብቃት፤ ስትመለስ ደግሞ ይዩዋት።»

እልህ ይዞኝ ነበር። ጠበቅን። ወፏ ሩቅ ቆማ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ታየናለች፤ መኪናው ስላለ አትመጣም። ግራሩ ላይ ግን ሁለት ቁራዎች ነበሩ። አንደኛው ወረደ። ሞተር አስነሥቼ፣ ጡሩንባ ነፍቼ፣ በሩን ከፍቼ እየጮህኩ ስሮጥ ሁለተኛውም ወርዶ ነበር። ስደርስ አንዱ እንቁላል ተበስቷል፣ ሌላው ተሰንጥቆ አፈሩን አርሷል። ውስጡ የነበረው ጫጩት ላባ አውጥቶ ነበር።

ተመልሼ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። መምህሯ አንድ ነገር ተናገረች። ታደለ አልተረጎመም።

«ምን አለች?»

«ተወው ጋሽ ሰይፉ።»

«ተርጉም አልኩህ!»

«‹ይህችን ወፍ አየናት ነው የሚባለው?› ነው ያለችው።»

ምሳ ላይ እንደ ልማዳቸው ታደለ የወፎቹን ስም ሲጠራ እሷ በደብተሯ ምልክት ታደርጋለች። «ኮሪ» ሲል ራሷን ነቀነቀችና ደብተሩን ዘጋች። ሰው ለማየት ብሎ ከዚያ ሁሉ አገር መጥቶ ያየውን አልጽፍም ሲል እዚያ አየሁ።

መመለሻው ላይ እኔ የማስበው ወፏን አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር። የማስበው ሪፖርቱን ነው። የውጭ እንግዳ ይዞ ከመንገድ መውጣት፣ የፓርክ ወፍ ማስፈጀት፣ በዚያ ዘመን ከሥራ መባረር ብቻ አልነበረም። «አሻጥር» የሚባል ቃል ነበረ። ያ ቃል ከተጻፈብህ ወዴት እንደምትገባ አታውቅም። አራት ልጆች አሉኝ። ታደለ ደግሞ ሞጆ ላይ ሻይ ስንጠጣ ደብተሩን አውጥቶ ይጽፍ ነበር።

ቦሌ ስንደርስ ከእንግዶቹ ጋር ሆቴል ወረደ፤ ወረቀቱን አጣጥፎ ሰጠኝና «ከጉዞ ፎርሙ ጋር አስገባልኝ» አለ። ጋራዡ ግቢ ውስጥ ሞተር አጥፍቼ ከፈትኩት። ከተማርኩ ወዲህ ለራሴ ብዬ ያነበብኩት የመጀመሪያው ረጅም ጽሑፍ ያ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ፣ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየሞከርኩ። «ከመንገድ እንዲወጣ ሾፌሩን ያዘዝኩት እኔ አስጎብኚው ነኝ» ይላል። «ሾፌሩ ስሕተት መሆኑን ነግሮኝ ነበር። ትእዛዝ ስለሆነ ፈጸመ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ ያላወቅሁበት መሰለኝ።

በማግስቱ ኃላፊያችን ሁለታችንንም ጠራን። «ጓድ ሰይፉ» አለ፣ «ታደለ ነው ያዘዘህ?»

ታደለ መሬት መሬት ያያል። እኔ የቆምኩት ከጎኑ ነው፤ ትከሻችን ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

«አዎ» አልኩ።

ከፊደል የሚቀድም፣ ማንም ሳያስተምረኝ የማውቀው ቃል ነው። ወጥተን በረንዳው ላይ ስንቆም «ለምን?» አልኩት። «አንተ አራት ልጅ አለህ፣ እኔ አንድ ራሴን ነኝ» አለኝና ሄደ። ቢሰድበኝ ኖሮ ምን ነበር?

ወደ ቡልቡላ ሄጄ ለጋሽ ወርዶፋ እውነቱን ነገርኩት። «ስንት እንቁላል?» አለኝ። «ሁለት» አልኩት። ስለ ታደለ ስነግረው ግን ቀና ብሎም አላየኝ። ቤት ግባ አላለኝም። ከዚያ ወዲያ ወደ ረግረጉ አብረን አልወረድንም።

ታደለን ከመስክ አነሡት። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ጠረጴዛ ሰጡት፤ እንግዳ ሲመጣ መቀበል፣ ሲሄድ መሸኘት። ከዚያ ወዲያ ፓርክ ሄዶ አያውቅም። እኔ አስጎብኚ ሆንኩ። ቋንቋውንም እየሰባበርኩም ቢሆን ለመድኩት፣ ስሞቹን በደብተር ጻፍኳቸው፣ እንግዶች አመሰገኑኝ። ሥራውን ደህና አድርጌ ሠራሁት፤ ይህንን ማንም አይወስድብኝም። የተቀመጠች ወፍ ሳይ ዳግመኛ ቆሜ አላውቅም።

ግን ከጉዞ በተመለስኩ ቁጥር እንግዶቹን ለመሸኘት በዚያ ጠረጴዛ ማለፍ ነበረብኝ። ታደለ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ይነሣል።

«ጋሽ ሰይፉ፣ ዛሬ ምን አየህ?»

«ምን ይታያል፤ ያው ሰጎን፣ ያው ጅግራ።»

«ሌላስ?»

«ደረቅ ነው። ምንም የለም።»

ውሸት ነው። ነብር ያየሁ ዕለትም «ደረቅ ነው» ብዬዋለሁ። አዋሽ ወንዝ ዳር አሳ አጥማጅ ንስር አሳውን ከነነፍሱ ሲነጥቅ ያየሁ ዕለትም፣ እርኩም እባብ ይዞ ሲደበድብ ያየሁ ዕለትም። ዓመታት ሙሉ ጥሩ ጥሩውን አስቀርቼ ተራ ተራውን ነገርኩት። ለምን? በዚያ ወረቀት ቀንቼበታለሁ። እኔ ልሠራው የማልችለውን ነገር በአንድ ሻይ መጠጫ ሰዓት ጽፎ ጨረሰው። ያለኝ የምበልጥበት ነገር ያየሁት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ አልሰጠውም።

መንግሥት ተለወጠ፣ መሥሪያ ቤቱ ፈረሰ፣ ተበታተንን። ታደለ ሰሚት ሠፈር ቤት እንዳገኘ ሰምቼ ነበር፤ ሄጄ አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ፣ ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩ በኋላ፣ ሾላ ገበያ በርበሬ ሲያስመዝን አገኘሁት። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። አቀፈኝ። እዚያው ጥግ ሻይ ቤት ገባን።

ብዙ አወራን፣ ስለ ጉልበት፣ ስለ ስኳር በሽታ። ከዚያ ሳላስበው ወጣብኝ። «ታደለ፣ እኔ እኮ ስዋሽህ ነበር። ያየሁትን ወፍ አልነግርህም ነበር።»

ሻዩን አማሰለ። «አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ጋሽ ሰይፉ፣ እንግዶቹ በማን በኩል ነበር የሚሄዱት? ሻንጣ ሲመዝኑ፣ ወረፋ ሲጠብቁ፣ ሁሉንም ይነግሩኝ ነበር። ፎቶ ሁሉ የሚልኩልኝ ነበሩ። ነብሩን ከነዛፉ አውቀዋለሁ።»

እኔ የዓመታት ቁጠባዬ ባዶ ካዝና ውስጥ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ታዲያ ለምን ትጠይቀኝ ነበር?»

«ካንተ አፍ ልሰማው ብዬ ነዋ። ፈረንጅ ሲነግርህ ወፍ ነው። አንተ ስትነግረኝ እኔም የሄድኩ ይመስለኛል።»

ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩና ሌላ ነገር ወጣ።

«አንድ አለች፤ እንግዶቹ ያላዩዋት» አልኩት። «ቁርስ እየበሉ መንገዱን ልይ ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ሰጎን ሜዳው ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ጀርባዋ ላይ ቀይ ወፍ፣ ያቺ ንብ በሏ፣ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጣለች። ሰጎኗ ሳሩን ስትረግጥ አንበጣው ይዘላል፣ ቀዩዋ ትወርዳለች፣ ትቀልባለች፣ ተመልሳ ጀርባዋ ላይ ትቀመጣለች። ዞር ዞር እያሉ እንዲህ ሜዳውን ጨረሱት። ለአስካለም አልነገርኳትም።»

ታደለ ሻዩን አስቀመጠ። ከኮቱ ኪስ እስክሪብቶና የበርበሬውን ደረሰኝ አውጥቶ ጀርባውን አዞረው።

«የት ጋ ነው?»

ነገርኩት። ከየትኛው ግራር ወዲህ እንደሆነ፣ ከፍል ውሃው መንገድ ስንት እንደሚርቅ ሳይቀር ነገርኩት። ጻፈው።

«ሰዓቱስ? ፀሐይዋ የት ነበረች?»

«ሰዓቱን ረስቻለሁ» አልኩት።

አልረሳሁም።